ኤርፎኑን ቤዝ አልገደለውም

በመተማ ዮሐንስም ሆነ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ በገላባት፣ በዶካም ሆነ በገዳሪፍ ገበያ፣ አንድ ጆሮው የጠፋ ኤርፎን ስልክ ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቤዝ አብዝተህበት አቃጠልከው። ፍርዱ የድንበር ሰው ብቻ አይደለም፣ መርካቶም ይሰማል፣ ከዚያም ራቅ ብሎ በውድ ማዳመጫ በሚፎካከሩ ሰዎች ዘንድ ረቀቅ ባለ ቋንቋ ይነገራል። ላይ ላዩን ሲታይ አሳማኝ ነው። ሰውየው የስልኩን ኢኳላይዘር ከፍቶ ቤዙን እስከ ጫፍ ገፍቶታል፣ ድምፁ መሻከር ጀምሯል፣ ከሳምንታት በኋላ ኤርፎኑ ዝም ብሏል። የቀደመውን ለተከተለው ምክንያት ማድረግ ቀላል ነው። እኔ ግን ፍርዱ ስህተት ነው ባይ ነኝ። የተሻከረ ቤዝ በስልክ የሚሠራ ኤርፎንን የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው፣ ኤርፎኑ የሚሞተው በሌላ በሽታ ነው። የከፋው ደግሞ ይህ ፍርድ ዋናውን ተጎጂ፣ ማለትም ጆሮን፣ ከክርክሩ ጨርሶ ማስወጣቱ ነው።

ኤርፎን ውስጥ ያለው ነገር ጥቂት ነው። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ከስስ የፕላስቲክ ሽፋን ጋር ተጣብቋል፣ በመካከሉ ማግኔት አለ። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ጥቅሉን ሽቦ ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሰዋል፣ ሽፋኑ አየሩን ይገፋል፣ ድምፅ ይሆናል። ዘፈን ይህን ዕቃ ሊጎዳ የሚችልባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። ወይ የሚገባው ኃይል በዝቶ ሽቦውን እስኪያቃጥለው ወይም ሙጫውን እስኪያላቅቀው ያሞቀዋል፣ አለዚያም ሽፋኑ ከተፈቀደለት ርቀት በላይ ተገፍቶ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። መሻከር ራሱን ችሎ የቆመ ሦስተኛ ገዳይ አይደለም። መሻከር ማለት ሞገዱ ስልኩ ሊሰጥ የሚችለውን የቮልቴጅ ጣሪያ ነክቶ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ መቆረጡ ነው። ቅርጹ ተለወጠ እንጂ ለሽቦው ያው ኤሌክትሪክ ነው። ሽቦው የሚመጣለት ሞገድ በኢኳላይዘር የተዛባ ይሁን ሙዚቀኛው ፈልጎ ያሻከረው ይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም። ለዚህ ከበገና የተሻለ ምስክር አላውቅም። በበገና ላይ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ቁራጭ ቆዳዎች ይገባሉ፣ ሥራቸው አውታሩ ጥርት ብሎ እንዳይጮህ፣ እንዲነዝር ማድረግ ነው። የሚወጣው ድምፅ ወፍራም ነው፣ በላዩ ላይ ደግሞ በነዛሪ ድምፆች የተሞላ ነው፤ ማለትም ኤርፎን ያቃጥላል ተብሎ የሚወገዘው ነገር ሁሉ አለበት። በዐቢይ ጾም ቀኑን ሙሉ በገና ሲሰማበት የዋለ ኤርፎን በዚያ ምክንያት ተቃጠለ የሚል ጠጋኝ ግን አልተሰማም። የተሻከረው ድምፅ በራሱ ገዳይ ቢሆን ኖሮ የኤሌክትሪክ ጊታር ያለበት ዘፈን ሁሉ ማዳመጫ ጨራሽ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት ስንት ኃይል ይገባል የሚለው ነው። የተለመደ ስልክ በኤርፎን ቀዳዳው በኩል የሚሰጠው ቢበዛ ከግማሽ እስከ አንድ ቮልት አካባቢ ነው። 32 ኦም በሆነ ኤርፎን ላይ ግማሽ ቮልት 8 ሚሊዋት ያህል፣ አንድ ሙሉ ቮልት 31 ሚሊዋት ያህል ይሆናል። በአንድ ሚሊዋት 100 ዴሲቤል የሚሰጥ ተራ ኤርፎን በ10 ሚሊዋት 110 ይደርሳል፣ በ100 ሚሊዋት ደግሞ 120፣ ይህም ጆሮ የሚያምበት መጠን ነው። ሞገዱ ፈጽሞ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ቢሆን እንኳ በዚያው ጣሪያ ሥር ኃይሉ የሚጨምረው በእጥፍ ነው፣ በዴሲቤል 3 ብቻ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቤዙን በ12 ዴሲቤል መግፋት በወረቀት ላይ የቮልቴጁን አራት እጥፍ፣ የኃይሉን 16 እጥፍ መጠየቅ ነው። ኤርፎኑ 16 እጥፍ ቢደርሰው ነገሩ ሌላ በሆነ፤ ነገር ግን ቮልዩሙ ጫፍ የደረሰ ስልክ የተጠየቀውን ሊሰጥ አይችልም። መሻከሩ ራሱ ስልኩ ከዚህ በላይ የለኝም ማለቱ ነው። ኃይሉ ያለ ልክ ላለመጨመሩ ማስረጃ የሚሆነውን ድምፅ ሰዉ ያለ ልክ ለመጨመሩ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። እንዲያውም በብዙ ስልኮች ኢኳላይዘሩ የሚሠራው ከቮልዩሙ በፊት ስለሆነ ቮልዩሙ ዝቅ ብሎም ድምፁ ሊሻክር ይችላል። ያን ጊዜ ኤርፎኑ ውስጥ የሚገባው ኃይል ከአንድ ሚሊዋት በታች ሆኖ መሻከሩ ግን እንዳለ ነው።

የሽፋኑ እንቅስቃሴስ? ወፍራም ድምፅ ሽፋኑን ከቀጭን ድምፅ ይልቅ ሩቅ እንደሚያስኬደው እውነት ነው። በሜዳ ላይ የተተከለ ስፒከር ያንኑ ጉልበት ይዞ ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ለማድረግ ሽፋኑን አራት እጥፍ ማንቀሳቀስ አለበት። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ግን የሚገፋው የሜዳ አየር አይደለም፤ በጫፉ ባለው ጎማና በጆሮ ታምቡር መካከል የታሸገችውን ትንሽ አየር ነው፣ እሷን ለመጭመቅ ደግሞ ጥቂት እንቅስቃሴ ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ጎማው በደንብ ከገጠመ ነው። ጎማው ሰፍቶ ወይም ጠብቦ አየር ካስወጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ ነው። ቤዝ የለውም ተብሎ የሚወቀስ ኤርፎን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ያለው ጎማ የተደረገበት ኤርፎን ነው። ባለቤቱ ጎማውን መለወጥ ትቶ ኢኳላይዘሩን ይገፋል፣ ስልኩ ጣሪያውን ይነካል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ በመጨረሻ ቤዝ ይወገዛል።

እምነቱ ከየት መጣ ቢባል ከባዶ አልመጣም። የመጣው ከትልቁ ስፒከር ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ እውነት አለው። ሠርግ ቤት ወይም ቡና ቤት በር ላይ የቆመ ሳጥን ቢያንስ ሁለት ነገር በውስጡ ይይዛል፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ሰፊ ስፒከርና ቀጭኑን የሚያወጣ ትንሽዬ ቲዊተር። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲገፋና ሞገዱ ሲቆረጥ አማካይ ኃይሉ ይጨምራል፣ የተቆረጠው ቤዝ የወለዳቸው ከፍ ያሉ ድምፆችም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በሚለየው ማከፋፈያ አልፈው ወደ ቲዊተሩ ይሄዳሉ። ጥቂት ዋት ብቻ የሚችል ቲዊተር መቶ ዋት የሚተፋ ማጉያ ሥር ተቀምጦ ቢቃጠል አይገርምም። ይህን በዓይኑ ያየ ባለሙያ ልምዱን ወደ ኤርፎን ማዛወሩ የሚጠበቅ ነው፣ ግን ማዛወር አልነበረበትም። ተራ ኤርፎን በየጆሮው አንድ ሽፋን ብቻ ነው ያለው፣ የሚሸከመው ቲዊተር የለውም፤ በመቶ ዋትና በ31 ሚሊዋት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። አንዱ ላይ እውነት የሆነው ሌላው ላይ ሊደገም የሚችልበት ርቀት አይደለም።

ኤርፎኑን ቤዝ ካልገደለው ማን ገደለው? ለዚህ ጥያቄ ገዳሪፍን የመሰለ መልስ ሰጪ አገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው ይህ የማሽላና የሰሊጥ ሜዳ ለአረምና ለአጨዳ ድንበር የሚሻገር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ በየዓመቱ ሲቀበል የኖረ ነው፤ ከኅዳር 2013 ወዲህ ደግሞ በኡም ራኩባና በኋላም በቱናይድባህ መጠለያ ጣቢያዎች ብዙ የትግራይ ስደተኞች አሉ። ካቢን በሌለው አሮጌ ትራክተር ላይ ለተቀመጠ ሰው ጩኸቱ ከ90 ዴሲቤል ማለፉ የተለመደ ነው። የሞተሩ ጩኸት አብዛኛው ወፍራም ስለሆነ የሚሸፍነው በቅድሚያ የዘፈኑን ቤዝ ነው። ሹፌሩ ቤዙን የሚገፋው ስለዚህ ነው፤ የቅብጠት ጉዳይ አይደለም። ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ላብ በገመዱ ላይ ወርዶ ብየዳውን በጨው ይበላል። ጥቁሩ መረሬ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ሲቦን ብናኙ ከጆሮ ኩክ ጋር ተለውሶ የኤርፎኑን ወንፊት ይደፍናል፤ አንዱ ጆሮ ቀስ በቀስ ድምፁ ይቀንሳል፣ ተቃጠለ ይባላል። በተዘጋ መኪና መስታወት ሥር የተረሳ ኤርፎን ደግሞ የሚያገኘው ሙቀት 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ሽፋኑን የያዘው ሙጫ ይለሰልሳል፣ ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔትም 80 ዲግሪን ካለፈ ጉልበቱን ለዘለቄታው ማጣት ይጀምራል። በዚህ ላይ ከስልክ የሚመጣ ዘፈን ጥቅሉ ሽቦ ላይ የሚጨምረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ጥቂት ዲግሪ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ገዳዩ ገመዱ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሰውየው ጎንበስ ቀና ሲል፣ ሌሊት ኤርፎኑን እንዳደረገ ተኝቶ ሲገላበጥ፣ ጃኩ ሥር ያሉት የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ገመዱን ሲነካኩት የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ ሁሉ የዚህ ምልክት ነው፤ የተቃጠለ ሽቦ ቢነካካ ተመልሶ አይመጣም። በሚያዝያ 2015 በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ካርቱም የውጊያ ሜዳ ከሆነች በኋላ በእጅ ያለ ዕቃ በጥንቃቄ መያዝ ሲገባው፣ በተሳሳተ ምርመራ የሚጣለው ኤርፎን ዋጋው ቀላል አይደለም። በጥር 2016 መጨረሻ የአገሪቱ የስልክ መስመሮች በጠፉ ጊዜ እንደሆነው፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚቀረው በሚሞሪ ካርድ የተያዘው ዘፈን ነውና።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል፣ ጥሩ ተቃውሞም ነው። ቤዙ ሲገፋ ኤርፎኑ መንዘር ጀመረ፣ ቤዙ ሲቀነስ ተወ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የሚፈለገው አንድ ተጨማሪ ምርመራ ነው። ሽፋኑ ላይ የወደቀች አንዲት ፀጉር ወይም ከዳር የለቀቀ ሙጫ ሽፋኑ በትንሹ ሲንቀሳቀስ አይሰማም፣ በብዙ ሲንቀሳቀስ ይነዝራል። በብዙ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ቤዝ ነው። ስለዚህ ቤዙ አስቀድሞ የነበረውን ጉዳት አሳየ እንጂ አላመጣውም። ለመለየት ኢኳላይዘሩን ዘግቶ አንድ ጥርት ያለ ቅጂ በመካከለኛ ቮልዩም ማጫወት ይበቃል። መንዘሩ ከጠፋ ችግሩ የነበረው ብዙ ጊዜ ስልኩ በሚልከው ሞገድ ላይ ነው፣ ኤርፎኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በዝቅተኛ ቮልዩምም በአንድ ጆሮ ብቻ ከቀጠለ ችግሩ ከሽፋኑ ነው፣ ብዙ ጊዜም ወንፊቱን በማጽዳት የሚድን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል፤ ከካርድ ወደ ካርድ የሚዘዋወረው ዘፈን ብዙው ሲቀረጽ ወይም ሲጨመቅ ጀምሮ ጣሪያ የነካ ነው፤ ያን ዘፈን ኢኳላይዘር ቢነካውም ባይነካውም ይሻክራል። በዘፈኑ ጥፋት የተጣለ ስንት ኤርፎን እንዳለ ማን ያውቃል።

ርካሹ ኤርፎን ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈለትን አቅም አይችልም ይባላል። እውነት ነው፣ የማይታመን ቁጥር የታተመበት ሳጥን ሞልቷል። ሙጫው ደካማ የሆነ፣ ጥቅሉ ሽቦ ከመነሻው ጠምሞ የተገጠመ ዕቃ ለወራት በሙሉ ቮልዩም ሲገፋ ሊለቅ እንደሚችል አልክድም። ይህ ግን የመሻከርን ወንጀል አያረጋግጥም። ያ ዕቃ ቤዙ ሳይገፋ በሙሉ ቮልዩም ቢሠራም ይለቅ ነበር፣ ከመኪና መስታወት ሥር አንድ ቀን ቢውልም ይለቅ ነበር። ሌላው ተቃውሞ ማጉያን የሚመለከት ነው። ኤርፎንን ለትልቅ ስፒከር ከተሠራ ማጉያ ወይም ከሚክሰር ጋር ያገናኘ ሰው በአንድ አፍታ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ቢወጣም ያቃጥለዋል። እዚያ የሚገድለው የሚሊዋቱ ዕቃ በዋት መመታቱ ነው። ብሉቱዝ ኤርፎኖችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የራሳቸው ማጉያ በውስጣቸው ነው፣ ሠሪው አቅሙን ከሽፋኑ ጋር አመጣጥኖ ይገጥመዋል፣ የሚቀድማቸውም የባትሪያቸው እርጅና ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን እምነቱ ስህተት ቢሆንስ ምን ይጎዳል የሚለው ነው። ሰው ኤርፎኑ እንዳይቃጠል ፈርቶ ቤዝ ቢቀንስ ጆሮውም አብሮ ይተርፋል፤ ስህተቱ ጠቃሚ ስህተት ነው ይላሉ። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ በጣም ነው። እምነቱ የሚያስተምረው ኤርፎኑ ካልተሻከረና ካልተቃጠለ ችግር የለም የሚል ትምህርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረጉት መመዘኛ ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ90 ዴሲቤል የሚቀረው አራት ሰዓት ነው፣ በ100 ዴሲቤል ከግማሽ ሰዓት ያነሰ፤ ይህም ለሳምንቱ በሙሉ። ከላይ ያየነው ተራ ኤርፎን 100 ዴሲቤል ለመስጠት የሚፈልገው አንድ ሚሊዋት ነው። በዚያ መጠን ኤርፎኑ ምንም አይሆንም፣ ለዓመታት ይሠራል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ ጆሮው ግን የሳምንት ድርሻውን ገና ትራክተሩ አንድ ትልም ሳይጨርስ ይፈጃል። ኤርፎን ከተቃጠለ ይገዛል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት፣ በየጆሮው ወደ 15 ሺህ የሚጠጉት የፀጉር ሴሎች ግን በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

እንዲያውም ምክሩ በተግባር የሚሠራው ተገላቢጦሽ ነው። ጆሮ በወፍራም ድምፅ የሚጎዳው በአንጻሩ በዝግታ ነው፤ የጩኸት መመዘኛው ራሱ ለ50 ሄርዝ ድምፅ 30 ዴሲቤል ያህል ቅናሽ ያደርጋል። ጉዳቱ በቅድሚያ የሚታየው በ4 ሺህ ሄርዝ አካባቢ፣ ሴትና ሕፃን ሲናገሩ ቃላቱን ጥርት አድርጎ ለመለየት በምንጠቀምበት ክልል ነው። ኤርፎኑን ሊያድን ቤዙን የዘጋ ሹፌር መሻከሩ ስለጠፋለት ቮልዩሙን ያለ ሥጋት ይጨምራል፣ የሚጨምረውም በትክክል ያንን ክልል ነው። ከዚህ በፊት መሻከሩ ስለሚያስጠላው ቮልዩሙን የሚያወርድበት ጊዜ ነበር፣ አሁን የሚያስቆመው ነገር የለም። ቤዙን የተወውም ያልተወውም ሰው የሚያስፈልገው አንድ ነው፤ የሚገጥም ጎማ አድርጎ የሞተሩን ጩኸት በውጭ ማስቀረትና ቮልዩሙን ማውረድ። መሻከርም ጉዳት አለው ከተባለ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ የተቆረጠ የ60 ሄርዝ ቤዝ በ180፣ በ300፣ በ420 እያለ ወደ ላይ ድምፅ ይወልዳል፣ ጆሮ እምብዛም ያልተጨነቀበትን ጉልበት ይበልጥ ወደሚሰማበት ያሻግረዋል። መሻከር ጎጂ ነው የሚል ሰው ስለ ጆሮ ቢናገር ኖሮ ከፊል እውነት በያዘ ነበር።

ለዚህ ሁሉ መልስ አለኝ የሚል ጠጋኝ መልሱን የሚያገኝበት መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ነው። በቤዝ ተቃጠለ ያለውን ኤርፎን ገመዱን ከጃኩ ራቅ አድርጎ ይቁረጥ፣ ቅርፊቱን ይክፈት፣ መልቲሜትሩን በኦም ላይ አድርጎ በቀጥታ በጥቅሉ ሽቦ ሁለት ጫፎች ላይ ያስቀምጥ። ሽቦው በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነ መሣሪያው ምንም መንገድ የለም ይለዋል፣ ያን ጊዜ እኔ ተረትቻለሁ። 16 ወይም 32 አካባቢ ካነበበ ግን ሽቦው ደኅና ነው፣ የሞተው ገመዱ ነው፣ ደንበኛው የሚከፍለውም የአንድ ጃክና የብየዳ ዋጋ ነው።